ከቁራሽ በኋላ የመጣ ፊደል

ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ከወጥ ቤቱ የሚተርፍ ምግብ አይጠፋም ነበር። በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ ከአዳሪ ተማሪዎቹ አንዱ፣ ዕድሜው ከ14 ብዙም የማይርቅ ልጅ፣ ትርፍራፊውን ከወጥ ቤት ሠራተኞች እየለመነ ይሰበስብና ከአጥሩ ውጭ ተኮልኩለው ለሚጠብቁት የጎዳና ልጆች ያካፍላል። አስፋው የምሩ ይባላል። በዘጠኝ ዓመቱ ከቡልጋ 50 ሳንቲም ይዞ አዲስ አበባ የገባ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያደረ፣ ዕቃ ተሸክሞ ሳንቲም የለቀመ፣ ኋላም በአንዲት ቱርካዊት ቤት እያገለገለ ተምሮ ዊንጌት ለመግባት የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ ልጅ ነው። ከአጥሩ ውጭ የቆሙትን ልጆች ማንም ሳያስተዋውቀው ያውቃቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱም ከእነሱ አንዱ ነበር።

ልጆቹ በልተው ሲጠግቡ ሌላ ነገር ጠየቁት። አስተምረን አሉት። አስፋውም ከዊንጌት አጠገብ ባለው የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሰበሰባቸው። ወንበር የለም፣ ሰሌዳ የለም፣ ደመወዝተኛ መምህር የለም። ከራሱ ትምህርት ሲወጣ እየመጣ ያስቆጥራቸዋል። ወሬው ከልጅ ወደ ልጅ እየተዛመተ ቁጥራቸው በመቶዎች ሲገባ ዛፉም ቅጥሩም አልበቃ አለ። ያኔ አስፋው የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ፊት ተጋድሞ መሬት ለመነ፤ ተሰጠውም። በባሕር ዛፍ አጣና፣ በጭቃና በልጆቹ ጉልበት የቆመው ቤት አሠረ ሐዋርያት ተባለ።

ጋሽ አስፋው ሚያዝያ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለዩም። ሞያ ብለው የሰየሙት ሁለተኛ ትምህርት ቤትም ከቀለም ትምህርቱ ጎን የእጅ ሥራን ያስለምድ ነበር። በሁለቱም ክፍያ አልነበረም። በትር የመምህር የቀኝ እጅ በሆነበት ዘመን በሁለቱም ዱላ አልነበረም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አልፈውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ሕፃናት ሽልማት ሲሰጣቸው ስማቸው ከአገር ውጭ ገነነ እንጂ ጉለሌና አካባቢው ከዚያ አስቀድሞም ያውቃቸው ነበር።

ስለ ለጋሾችና ስለ ትምህርት ልጽፍ ተነሥቼ ከጋሽ አስፋው የጀመርኩት በነገሩ ቅደም ተከተል ምክንያት ነው። መጀመሪያ ቁራሹ መጣ፣ ቀጥሎ መምህሩ፣ ቀጥሎ መሬቱ፣ በመጨረሻ ሕንጻው። ዛሬ ነጻ ትምህርት ቤት ለማገዝ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚጀምረው፤ ሕንጻው ይቀድማል፣ በሩ ላይ የለጋሹ ስም ይጻፋል፣ ሪባን ይቆረጣል። በሁለተኛው ዓመት ለመምህር የሚከፈል ሲጠፋ የሚመጣ የለም። ከዕርዳታ ሁሉ ትምህርትን በእርግጥ የሚያጠነክረው በየወሩ የሚመጣው፣ ፎቶ የማይነሣው፣ ተበልቶና ተከፍሎ የሚያልቀው ገንዘብ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይህን እምነት የሚያስረዳ ነው።

ምጽዋትና ትምህርት በዚህ አገር ከተጋቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረው የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደወል በአገሩ ከመሰማቱ በፊት ነው። እናት ከመሶቧ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ልጁን አታውቀው ይሆናል፤ የማን ልጅ ነህ ብላም አትመረምረውም። ዳዊት ይድገም ወይ ቅኔ ይዝረፍ፣ ሪፖርት አምጣልኝ አትለውም። የኔታም ክፍያ አይጠይቁም። መንደሩ በቁራሽ፣ ደብሩ በመሬቱ ምርት ጉባኤውን ተሸክመውት ኖረዋል። ያ ሥርዓት ችጋርም በሽታም ነበረበትና ላስውበው አልሻም፤ ብዙ ልጅ ከደጅ ወደ ደጅ ሲል በብርድና በረኀብ ቀርቷል። የሰጪው ልማድ ግን ዛሬም የሚያስቀና ነው። ሰጪዋ ቤቷን ሳትለቅ በየቀኑ ሰጥታለች።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣም በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ራስ ተፈሪ ከግል ሀብታቸው ያቆሙት ነበር። መኳንንቱም ይህን ፈለግ እንዲከተሉ ተጠይቀዋል። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ያንጽ የነበረ ባለጠጋ ትምህርት ቤትም እንዲያስብ የተጋበዘበት ጊዜ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንየው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የመምህሩን ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ያገኛል። የግሉ ከወላጅ ኪስ ያገኛል፤ መስከረም በቀረበ ቁጥር የክፍያ ጭማሪው ወላጅን እንቅልፍ የሚነሣው ለዚህ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ የመንግሥት ያልሆነ፣ ወላጅንም የማያስከፍል። ልጆቹ የቀን ሠራተኛ፣ የልብስ አጣቢ፣ የጉልት ነጋዴ ልጆች ናቸው፤ ወላጅ የሌላቸውም አሉ። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ከዳስተር እስከ ርእሰ መምህሩ ደመወዝ ድረስ ያለውን ወጪ ሁሉ ከሚሰጡት ሰዎች ያገኛል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ ሁልጊዜም ደመወዝ ነው። ለጋሽ ከሁሉ የሚሸሸውም ይህንኑ ወጪ ነው፤ ደመወዝ አልቆ የሚመረቅ ነገር አይደለምና።

ሸክላ፣ ቆርቆሮ፣ ኮምፒውተር የሚገዛ ገንዘብ በቀላሉ ይገኛል። «ለመምህራን ደመወዝ» ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ግን ተመልሶ ይመጣል። መልሱም የታወቀ ነው፤ ይህ ዘላቂነት የለውም፣ ጥገኝነትን ያመጣል ይባላል። ይህ ክርክር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጥገኝነት የሚባለው ለሦስት ዓመት መጥቶ በአራተኛው የሚጠፋው ፕሮጀክት የሚያመጣው ነው። ሲጀመር አንድ ጎበዝ የሒሳብ መምህር ከሌላ ቦታ ይለቅና ይመጣል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እሱም ይሄዳል፤ የ5ኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይን ግማሽ ላይ ያቋርጣሉ። የሚተካው ሰው ልጆቹ የት እንደደረሱ እስኪገባው ድረስ ወሰነ ትምህርቱ ያልቃል። የአሥር ዓመት ቃል የገባ ትንሽ ለጋሽ ከሦስት ዓመቱ ትልቅ ለጋሽ ይበልጣል የምለው እዚህ ላይ ቆሜ ነው። መምህር ቤት ተከራይቶ፣ ትዳር ይዞ፣ «እዚህ እቆያለሁ» ብሎ የሚያቅደው ከፊቱ ያለው ጊዜ ሲታየው ነው። ልጅን የሚያሳድገው የቆየ መምህር ነው። የእገሌ ታናሽ ወንድም መሆንህን የሚያውቅ፣ እህትህ 3ኛ ክፍል ላይ ምን እንደከበዳት የሚያስታውስ ሰው በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይገኝም።

ሕጉም አስተዳደራዊ ወጪ ከሌላው ተለይቶ እንዲታይ ያደርጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 30 በመቶ ይፈቅድ ነበር። ዓላማው የድሃን ገንዘብ ለወንበርና ለመኪና ማዋልን መከላከል ነውና የሚያጣላ አይደለም። ለጋሹ ግን ከሕጉም አልፎ «ከምሰጠው ውስጥ አንድም ሳንቲም ለአስተዳደር አይዋል» ሲል ትምህርት ቤቱን የሒሳብ ሠራተኛ ያሳጣዋል። የሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ጥሩ ሪፖርት አይጽፍም፤ ጥሩ ሪፖርት ያልጻፈ በሚቀጥለው ዓመት አይረዳም።

ሆድ ይቅደም

በረኀብ የመጣ ልጅ በሦስት ሰዓት ገደማ መዛል ይጀምራል። ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ልቡ የለም። አንዳንዱ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ከጎኑ ካለው ልጅ ይጣላል፣ ሌላዋ ራሴን አመመኝ ትላለች። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ልጆች ነገር ለዓመታት ሲነገር ቆይቶ የከተማው አስተዳደር የምገባ ፕሮግራሙን በስፋት ሲጀምር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማግኘት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ በትንሹም ቢሆን ሲገፉት የነበሩት በጎ አድራጊዎች ናቸው። ነጻ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ከመነሻቸው ያውቁታል፤ አሠረ ሐዋርያት ራሱ ከወጥ ቤት ትርፍራፊ ነው የተወለደው።

ሆድ ሲሞላ ግን ነገር ሁሉ ይፈታል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ከጎረቤት አገር የመጣ ማስረጃ ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ ውስጥ በ75 ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የሆድ ትላትል መድኃኒት በየተራ ተሰጠ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ማይክል ክሬመርና ኤድዋርድ ሚጌል ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያሳትሙ ከትምህርት መቅረት በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ለአንድ ልጅ እዚህ ግባ በማይባል ዋጋ የተገኘ ትልቅ ለውጥ ነው። የፈተና ውጤታቸው ግን አልተነቃነቀም። ልጁ ክፍል መጣ፤ የጠበቀው ክፍል ያው የድሮው ክፍል ነበር።

በዚያው አካባቢ ሌላ ጥናት ተደረገ። ትምህርት ቤቶች ለተማሪ የሚዳረስ የመማሪያ መጽሐፍ በነጻ ተሰጣቸው። መጽሐፍ ከመስጠት የበለጠ ምን ግልጽ ደግ ሥራ አለ? ውጤቱ ሲለካ የጠቀማቸው ድሮም ከክፍሉ ላይኛውን ደረጃ ይዘው የነበሩትን ብቻ ሆነ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ለአብዛኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። መጽሐፉ እጃቸው ገባ፣ ሊከፈትላቸው ግን አልቻለም። ክሬመር ከአቢጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እንዲህ ያለውን ጥያቄ በመስክ ላይ እየፈተሹ ስለኖሩ ነው። ባነርጂና ዱፍሎ ፕራታም ከተባለው የሕንድ ድርጅት ጋር ሆነው ያዩት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ልጆች በዕድሜ ወይም በክፍል መደልደላቸው ለተወሰነ ሰዓት ቀርቶ ማንበብ በቻሉበት ልክ ሲመደቡ፣ ፊደል ያልለየው ከፊደል፣ ቃል ያነበበው ከዓረፍተ ነገር ሲጀምር፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ይራመዳሉ። ጋሽ አስፋው ከዛፉ ሥር ሲያስተምሩ ልጁን በዕድሜው አልጠየቁትም፤ ደርሶ የቆመበት ቦታ ነው መነሻው።

በአገራችን ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማየት ለሚሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተደረገው የንባብ ምዘና አለ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። የዚያ ዘመን ልጆችና ታናናሾቻቸው ያደጉበት መሠረት ይህ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገሩ ደነገጠ። ድንጋጤው ከ12ኛ ክፍል ጀመረ እንጂ ጉድለቱ የጀመረው ከሀሁ ነው። የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን የት ያኑር ብሎ ቢጠይቀኝ ያለማመንታት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ባሉት ልጆች ንባብ ላይ ይሁን እላለሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር የለውም፤ የሚፈልገውም ጥሩ መምህር፣ ተማሪ ያልበዛበት ክፍልና ልጁ የሚያነበው መጽሐፍ ነው።

ስለሚነበብ መጽሐፍ ሲነሣ የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ሥራ ማለፍ አይቻልም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ አለመኖሩ አሳሰባቸው። «ማሞ ቂሎ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ አዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ ጀግኖች ተርታ ያሰለፋቸው በዚህ ሥራ ነው። ከአሜሪካ ብዙ ሺህ መጻሕፍት አምጥተዋል። ያም ሆኖ የልጅን ዓይን የሚያበራው ማሞ ቂሎ መሆኑን ከማንም ቀድመው ያዩ ይመስለኛል። ስለ በረዶ ሰውና ስለ ሃሎዊን የሚያወሩ መጻሕፍት በካርቶን ተጭነው ይመጣሉ፤ በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጀርባቸው ሳይጨማደድ የተቀመጡትን ያየ ሁሉ ያውቃል። የማጓጓዣው ዋጋ ብቻ ለአንድ የአገር ውስጥ ደራሲና ሠዓሊ ቢከፈል፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ስንት መጽሐፍ ይታተም ነበር!

ሌላም መደርደሪያ ላይ የማይታይ ነገር አለ። ለሴት ልጆች ለብቻ የተሠራ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውኃ ያለው መጸዳጃ። የወር አበባ በመጣ ቁጥር ከትምህርት የምትቀር ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲደመር ብዙ ቀን ታጣለች። መቀሌ ውስጥ ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ የሚያገለግል ንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁመው ለጋሾች እየገዙት ለተማሪዎች እንዲደርስ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲመርጣቸው ሽልማቱ የሴት ልጆቹም ነበር። ልጅቷ በክፍሏ ስትገኝ ነው መምህሩ የሚያስተምራት።

የአሰጣጥ ነገር

ለጋሽ ሲመጣ በብዙ ትምህርት ቤት የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ግቢው ይጠረጋል፣ ልጆች ከማለዳ ጀምረው ይሰለፋሉ፣ ዝማሬ ይለማመዳሉ፣ ከእነሱ አንዱ ወደ ፊት ይወጣና የቤቱን ችግር በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ይተርካል። አባቱ እንዴት እንደሞተ፣ እናቱ ምን እንደምትሠራ። ጭብጨባ ይሆናል። ያን ቀን ትምህርት የለም። ይህ ልማድ ይቅር። ልጅ ለተሰጠው ደብተር በሐዘኑ መክፈል የለበትም። የክፍል ጓደኞቹ የሰሙትን ደግሞ በእረፍት ሰዓት ይደግሙበታል። የቆሎ ተማሪውን የምትመግበው እናት የማታደርገውን እኛ በማይክሮፎን እናደርገዋለን።

ለጋሽ ማየት አይገባውም እያልኩ አይደለም። ገንዘቡ የት እንደገባ የማወቅ መብት አለው፤ እንደውም ግዴታም አለበት። መታየት ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው። የ2ኛ ክፍል ልጅ በኅዳር ምን ያህል ታነብ ነበር፣ በግንቦትስ? ስንት መምህር ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ? ካቋረጡት ልጆች ስንቱን ርእሰ መምህሩ ቤታቸው ድረስ ሄዶ መለሰ? እነዚህ ጥያቄዎች ፎቶ አይወጣቸውም። የጠየቀ ግን ትምህርት ቤቱን ያጠነክራል፤ የተጠየቀው ሰው ሳምንቱን የሚያውለው በሚጠየቅበት ነገር ላይ ነውና።

የጋሽ አስፋው አካሄድ እዚህም ላይ ይጠቀሳል። ገንዘብ ለማሰባሰብ እስከ ሐረር ድረስ በእግራቸው እንደተጓዙ ይተረካል። እንግሊዝ አገር ያሉ ወዳጆቻቸውም ትምህርት ቤቱን የሚደግፍ ማኅበር አቁመውላቸዋል። ልጆቻቸውን ግን ለመለመኛ አላቆሙም። የተጓዘው የራሳቸው እግር ነው።

ከውጭ አገር የሚረዱ ወገኖቻችን ጉዳይ ላይ አንድ ተጨባጭ ነገር ልበል። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተማሩበትን ወይም የሰሙትን ትምህርት ቤት ይደግፋሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሚልክ ሰው የላከው እጥፍ የሆነ መሰለው፤ አንዳንዱም በዚያው ልክ የሚልከውን ቀነሰ። ወረቀት፣ ዘይት፣ የኬሚስትሪ ዕቃ ግን ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ዋጋቸው ተከትሎ ወጣ። መምህሩም በቀድሞው ደመወዝ ቤት ኪራይ መክፈል አቃተው። ስለዚህ የዶላሩ መጠን ባለበት ቢቆይ ትርፉ ለመምህሩ ጭማሪ ይውላል፤ ከቀነሰ መምህሩ ይለቃል።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። በፈረንጆቹ ዘንድ የሚሰጥበት ወር ታኅሣሥ ነው፣ ገና ሲደርስና የብዙዎቹ የግብር ዓመት ሲዘጋ። እኛ ዘንድ ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ከተጀመረ ወራት አልፈዋል። ዩኒፎርም የሚሰፋው፣ ደብተር በጅምላ የሚገዛው፣ መምህር የሚቀጠረው ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ የትምህርት ቤቱ ካዝና ከመቼውም ይልቅ ባዶ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መምህራን ክፍል ባይገቡም ቤተሰባቸው ይበላል፤ የክረምት ደመወዝ የማይከፍል ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ግማሽ መምህሩን ያጣል። ርእሰ መምህሩ ከመርካቶ ነጋዴ በዱቤ ደብተር ወስዶ ታኅሣሥ ላይ ይከፍላል፤ ነጋዴውም ለጥበቃው ዋጋ ይጨምርበታል። ያው ገንዘብ በአሥራ ሁለት ተከፍሎ በየወሩ ቢላክ፣ ወይም የዓመቱ ሐምሌ 30 ከመድረሱ በፊት ቢገባ፣ ደብተሩ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፣ የክረምቱ ደመወዝ ይከፈላል፣ መስከረም ላይ ልጆቹን የሚቀበለው አምና ያስተማራቸው መምህር ይሆናል።